የሦስት ደቂቃ ነፃነት

የምርጫ ክርክርን የሚያንቋሽሹ ሰዎች አልጠፉም። እኔ ከእነሱ ጋር የለሁበትም። በአገራችን መንግሥት ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እንደ ምርጫ ክርክር ብልሃት የበዛበት አላየሁም። አራት ዓመት ተኩል ሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው ወዴት እንደሚጠራ ያልሰማ የለም። አምስተኛው ዓመት ጋመስ ሲል ግን ካሜራው ይተከላል፣ መብራቱ ይበራል፣ የታሸገ ውሃ ይደረደራል፣ ከረባት ያሰረ አወያይ ብቅ ይልና «ሦስት ደቂቃ አለዎት» ይላል። በዚያች ሦስት ደቂቃ መንግሥትን መተቸት ይቻላል። ፖሊስ ጣልቃ አይገባም። ፖሊስ ለክርክር ትልቅ አክብሮት አለው፤ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ይህን የምጽፈው ከገነተ ማርያም ነው። ከላሊበላ በኩልመስክ አድርጎ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው ያውቀናል። በምርጫ ቅስቀሳ እኛ አዲስ አይደለንም። ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ በዓምዶች በተከበበው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የአጼ ይኩኖ አምላክ ሥዕል ከነጽሑፉ ይታያል። ንጉሡ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መንግሥቱን ከዛጉዌ ነገሥታት ሲረከቡ ክርክር አልገጠሙም፤ አወያይም አልተሰየመም። ሥዕላቸውን ያሣሉት ዙፋኑን ከያዙ በኋላ ነው። የዛሬ ዕጩዎች ሥርዓቱን ገልብጠው ፖስተሩን አስቀድመው ይለጥፋሉ፤ እሱም የሰኔ ዝናብ ሲነካው ይወርዳል። የይኩኖ አምላክ ግን 700 ዓመት አልፎታል። ሳይከራከሩ መንገሥ ዕድሜ ይሰጣል ብሎ የሚከራከር ካድሬ ቢመጣ፣ ማስረጃው እዚሁ ቤታችን እንዳለ ልጠቁመው ብዬ ነው።

ወደ ክርክሩ ልመለስ፤ ከፕሬዝዳንታዊ ዕጩዎች ልጀምር። ሌላው ዓለም በዚህ ነገር ሲደክም አዝንለታለሁ። ኬንያውያን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. መድረኩን አሰናድተው ቢጠብቁ ራይላ ኦዲንጋ ቀሩባቸው፤ ዊሊያም ሩቶ ሌላ ሰው በሌለበት መድረክ ብቻቸውን ቆመው ጥያቄ ሲመልሱ አመሹ። ወር ሳይሞላ ምርጫውን አሸነፉ። ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? እኛ ዘንድ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 ነገሩን ጨርሶታል። ዕጩውን የተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች አንድ ላይ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ። ሕዝቡ የዕጩውን ስም የሚሰማው ቃለ መሐላው ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው ነው። በመስከረም 2017 አቶ ታዬ አጽቀሥላሴ ፕሬዝዳንት ሲሆኑ ከላስታ ገበሬ አንድም እንቅልፍ ያጣ የለም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴም ሊሰናበቱ ሰሞን፣ መልሳቸው ዝምታ እንደሆነና አንድ ዓመት ያህልም እንደሞከሩት በኤክስ ገጻቸው ጠቆም አደረጉ። ርዕሰ ብሔሯ ዝም ካሉ እኔ ገነተ ማርያም ተቀምጬ ምን ቤት ነኝ?

አፉን የከፈተ ፕሬዝዳንት ጭራሽ አልነበረም ማለት ግን ሐሰት ነው። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ነበሩ። በ1994 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ፣ የቀድሞ ፕሬዝዳንት ከወገንተኛ ፖለቲካ ከራቀ ቤትና መኪና እንዲኖረው፣ ካልራቀ ግን እንዲያጣ የሚያደርግ ሕግ ወጥቶ ቆየ። በ1997 ደምቢዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ፤ ጥቅማ ጥቅሙም ቀረ። በዚህች አገር የመናገር ነፃነት ስንት እንደሚያወጣ በግልጽ የተተመነው ያኔ ነው፤ አንድ ቤትና አንድ መኪና። ቤትም መኪናም የሌለን ሰዎች የምንከፍለው ሌላ ነገር ነው።

ደግሞ 1997 ከተነሳ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። የዚያን ጊዜው ክርክር እንደ ሰው የሚያከራክር ነበር፤ በቀጥታ ይተላለፋል፣ ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤት ይጨናነቃል፣ ቴሌቪዥን የሌለን ደግሞ ሬዲዮ ላይ እንደፋለን። እኛ የላስታ ሰዎችማ ደረታችንን ነፍተን ነበር፤ ከተከራካሪዎቹ ሁሉ ስሙ ገንኖ የወጣው ልደቱ አያሌው የአገራችን ልጅ ነዋ! ከቡግና ተወዳድሮም ምክር ቤት ገባ። ለሙግት እንግዳ አይደለንም፤ አያቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ወዝውዘው «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። በማር፣ በፈረስ ይወራረዱ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው አብረው ይሄዱ፣ አብረው ይበሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ዘመናዊው ክርክር ይህን ኋላ ቀር ልማድ አሻሽሎታል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማሰር በቂ መሆኑ ተደረሰበት።

ያንን ማሻሻያ ያየነውም በዚያው ዓመት ነው። ክርክሩ ሲጋጋል ገዢው ፓርቲ ተፎካካሪዎቹን ከሩዋንዳ ኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰለ፤ ይህም በደቂቃው ታሰበለት። ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይ በሕዝብ ተጥለቀለቀ። ግንቦት 7 ሕዝቡ ሰልፍ ይዞ መረጠ። ያንኑ ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ ከለከሉ፤ ነፃ ምርጫ መደረጉን ለማክበር ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ከዚያ በኋላ በሰኔ እና በጥቅምት የሆነውን አጣሪ ኮሚሽኑ ቆጥሮታል። 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ፤ 763 ሰዎች ቆሰሉ። የኮሚሽኑ ምክትል ሰብሳቢ ይህን ቁጥር ይዘው ከአገር ተሰደዱ። በዚህ ቁጥር ላይ አልቀልድም።

ከተቃዋሚ ተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ ከጥቅምት 1998 ጀምሮ ወህኒ ገቡ። ሦስት ደቂቃ ሲሰፈርላቸው ከርመው በአገር ክህደት ክስ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ተሰጣቸው። ተቃዋሚው ቅንጅትም ቢሆን ምስጋና አይነፈገውም፤ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን አሸንፎ «ልግባ ወይስ አልግባ» በሚል ሌላ ክርክር ተጠምዶ፣ አንዱ መሪ ሌላውን ከሃዲ እያለ፣ ለገዢው ፓርቲ ሥራ አቅልሎለታል። በቴሌቪዥን እንዲያ የሰላ አንደበት የነበራቸው ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ አወያይ ያስፈለጋቸው ያኔ ነበር።

መንግሥት ከዚህ ሁሉ የተማረው፣ ስሕተቱ ሕዝቡ ክርክሩን መስማቱ ነው የሚለውን ይመስለኛል። በሰባት መቶ ዓመት ታሪካችን እንደዚያ ትጉህ ተማሪ አልታየም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት አዋጅ አወጣ፤ 590/2000 ለፕሬሱ፣ 621/2001 ለሲቪክ ማኅበራቱ፣ 652/2001 ለሽብርተኝነት። የአንድነት ፓርቲ መሪዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በይቅርታ ስለተፈቱበት ሁኔታ ስዊድን ላይ በተናገሩት ምክንያት በታኅሣሥ 2001 ተመልሰው ታሰሩ፤ የ2002ቱ የምርጫ ክርክር ቃሊቲ እያሉ ተጀምሮ ቃሊቲ እያሉ አለቀ። ክርክሩ በእርግጥ ነበር። ውጤቱ ከ547 ወንበር 545ቱ ለገዢው ፓርቲና ለአጋሮቹ ሆነ። አምስት ዓመት ቆይቶ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ከ547 ውስጥ 547ቱ። ያን ያህል አሳማኝ ተከራካሪ ያለው ፓርቲ በምድር ላይ ሌላ የለም! ባራክ ኦባማም በዚያው ዓመት ሐምሌ አዲስ አበባ መጥተው በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ መንግሥት ብለው አሞገሱልን። ከታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን የተወሰኑት እንግዳው ከመምጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ተለቀቁ፤ ቤት ለእንግዳ ይጠረጋል።

እውነተኛው ክርክር ግን የቴሌቪዥኑ አልነበረም። የእኛው የአንድ ለአምስት ነበር። አምስት ገበሬና አንድ ጠርናፊ። ሰዓት ቆጣሪ የለ፣ የታሸገ ውሃ የለ። ርዕሱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው፤ ማዳበሪያ ማን ወሰደ፣ ማን ስብሰባ ቀረ፣ የማን ልጅ ምን ሲል ተሰማ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ባወጣው ሪፖርት በገጠር ዘሩ፣ ማዳበሪያውና ሴፍቲኔቱ ከፓርቲ ድጋፍ ጋር ተያይዞ እንደሚታደል ዘረዘረ፤ መንግሥትም አስተባበለ። እኔ በዚህ ላይ ምስክርነት አልሰጥም፤ ሴፍቲኔት የሚበላ ጎረቤት አለኝ። ይህን ብቻ እላለሁ። የገብስ መሬቱ በየዓመቱ የሚሳሳበት፣ ከየካቲት እስከ ነሐሴ ያለው ወር የሚከብደው የላስታ ገበሬ ሬዲዮ ላይ ተፎካካሪው ስለ ሰብዓዊ መብት ሲያብራራ ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ ሰው እንዲህ ተናግሮ ዛሬ የት ያድር ይሆን?» የፖሊሲ አማራጭ የሚባለውን የሚመዝነው በዚህ ነው። አዋቂዎች ይህን የመራጮች ትምህርት ማነስ ይሉታል። እኔ እስካሁን ከዚህ የጠለቀ የፖለቲካ ትንታኔ ከስቱዲዮ ሲወጣ አልሰማሁም።

በ2010 ነገር ተለወጠ፤ እስረኛ ተፈታ፣ ስደተኛ ተመለሰ፣ አዋጆቹ ተሻሻሉ። እውነት ነው፣ አልክድም። ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። እንግዲህ የ2002ቱን ክርክር ከእስር ቤት ያሳለፉት ሴት የ2013ቱን ሊመሩ ተቀመጡ፤ አገር ሲታደስ እንዲህ ነው አልን። ሆኖም ቃሊቲ ባዶውን አይውልምና፣ ያን ጊዜ የባልደራስ ፓርቲው እስክንድር ነጋ እስረኛ ነበር። ሰበር ሰሚ ችሎት ይወዳደር ብሎ ወሰነለት፤ ቦርዱም መዘገበው። ዕጩው ከእስር ቤቱ፣ ፖስተሩ ከአጥሩ ውጭ። ክርክር ላይ መገኘት ስላልቻለ ከደቂቃ በላይ ተናግሯል የሚል አቤቱታ አልቀረበበትም፤ በሥነ ምግባር ደንብ አክባሪነት አንደኛ ሊባል ይገባው ነበር። ከተፈታ በኋላ የሄደበትን አገር ሁሉ ያውቃል፤ ከስቱዲዮም ከችሎትም ወጥቶ ወደ ትጥቅ ትግል ገባ። የአገራችን ልጅ አቶ ልደቱም በሐምሌ 2012 ተይዞ፣ ፍርድ ቤቱ በዋስ ይውጣ ሲል ፖሊስ አልሰማሁም እያለ ወራት ቆይቷል። ያ በቴሌቪዥን ማንም ያልረታው ሰው የፖሊስን ዝምታ መርታት አቃተው።

የብልጽግና ፓርቲ የ2013 ምልክት አምፖል ነበር። ምልክቱን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ እንዳየነው ደስ ብሎን ነበር፤ ብርሃንን ማን ይጠላል? ሰኔ 14 ቀን ተሰልፈን መረጥን፤ ፓርቲው ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410ሩን አገኘ። ሐምሌ 29 ቀን የሕወሓት ጦር ላሊበላ ገባ። ድምፅ ከሰጠን ወር ተኩል ቢሆነን ነው። ከዚያ ላስታ ለብዙ ወራት መብራት የሚባል ነገር አላየም። አምፖሉ ግን የምርጫ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ቃል የተገባልን አምፖል እንጂ መብራት አልነበረም፤ የውሉን ቃል በደንብ አለማንበብ የእኛ ጥፋት ነው።

ከዚያ ምርጫ በኋላ የክርክር ትምህርት ቤት ሁለት በር እንዳለው ተረዳን። አንደኛው በር ወደ ካቢኔ ያስገባል። የኢዜማ ፓርቲ መሪ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ፣ በ1997 ገዢውን ፓርቲ ላብ በላብ ያደረጉት፣ ታስረውና ተሰደው፣ በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸው፣ በ2013 ተወዳድረው ተሸንፈው፣ በመስከረም 2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄው (አብን) አቶ በለጠ ሞላም የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ። መልካም ነው፤ ከእስር ቤት ሚኒስቴር ይሻላል። ሁለተኛውን በር ያሳየን ያው አብን ነው። ከአምስት የምክር ቤት ወንበሩ አንዱን የያዘው ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር፤ ሚኒስትሮችን «ይህ ብር የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ሥራው ነበር ማለት ነው። በ2015 ክረምት፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን፣ ያለመከሰስ መብቱ ሳይነሳ ታሰረ። በ2016 ሌላው የአብን የምክር ቤት አባል ደሳለኝ ጫኔ ተከተለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል በምክር ቤት በሰጠው አስተያየት አይከሰስም፣ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። ምክር ቤቱስ? ነሐሴ 8 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አጸደቀ፤ ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር አራዘመ። ስለ ጠፋው ባልደረባቸው የጠየቁ ጥቂቶች ቢኖሩም የቀሩት የምክር ቤቱን ጸጥታ ጠብቀዋል፤ የጠየቁትን ስም በመዘገብ ሌላ ጣጣ አላመጣባቸውም።

የምርጫ ሕጉ ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉትን ቀናት «የጥሞና ጊዜ» ብሎ ቅስቀሳ ይከለክላል፤ መራጩ ረጋ ብሎ እንዲያስብ። በክልላችን መንግሥት ይህን መልካም ሐሳብ አስፍቶታል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ኢንተርኔቱ ለወራት ተዘጋና መላው ሕዝብ በጥሞና ተቀመጠ። ሰልፍ የለ፣ ስብሰባ የለ፣ ሰዓት እላፊ ብቻ። በጥቅምት 2016 ላሊበላ ከተማ ውስጥ ውጊያ ሲደረግ እንኳ፣ ከከተማዋ ቅርብ ተቀምጠን የሆነውን የሰማነው አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ነው። እንዲህ ያለ ጥሞና የአባቶቻችን ገዳማትም አላገኙት።

ክርክር የሚጠላው መንግሥት ብቻ ነው ካልኩ ደግሞ ውሸታም እሆናለሁ። ቀን የሚመጣው መለዮ ለባሽ «ከማን ጋር ናችሁ?» ይላል። ሌሊት የሚመጣው ታጣቂም ያችኑ ጥያቄ ይዞ ነው የሚያንኳኳው። ሁለቱም አወያይ አያስፈልጋቸውም፤ ሦስት ደቂቃም አይሰጡም። «ልጄን ትምህርት ቤት ልልክ ነው የምፈልገው» የሚል መልስ ከሁለቱም ቤት ጠላት ያደርጋል። ነፃ አወጣሃለሁ የሚለው ወንድሜ እኔ ከእሱ ልለይ መብት እንዳለኝ ገና አልተቀበለም። ይህን ለመቀበል ምርጫ ቦርድ እስኪመዘግበው መጠበቅ አያስፈልገውም።

የ2018ቱ ሰባተኛ ጠቅላላ ምርጫ ክርክር ስለሚመለከተኝ እኔም አማራጭ ሐሳብ አለኝ። ክርክሩ በገበያ ቀን ገነተ ማርያም ላይ ይደረግ። እህል ተራው አጠገብ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ከረባት አያስፈልግም፤ ቢያሻቸው በጋቢ ይምጡ። ጥያቄ የሚጠይቀው ገበሬው ይሁን፤ ስሙ ግን አይመዝገብ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ያን ዕለት ሌላ ቀበሌ ለሥራ ይሂድልን፤ ታጣቂውም ጫካው ውስጥ ይክረም። አሸናፊው ሲታወቅ ደግሞ የአያቶቻችንን ሥርዓት እንመልሰዋለን፤ ተመራጩና መራጩ በነጠላቸው ጫፍ ይቆራኙ፤ ሴፍቲኔት ተሰልፎ የሚጠብቀው አንዱ ከሆነ ሌላውም ይሰለፍ፤ አንዱ ሌሊት ሲወሰድ ሌላውም ይወሰድ። ያን ጊዜ የመብት አንቀጾች ሳይጣሱ ስንት ቀን እንደሚቆዩ እናያለን። ይህ ሐሳብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚል ሕግ አዋቂ ካለ፣ ሕገ መንግሥቱ ከዚህ በፊት ከምን ጋር ሳይጋጭ እንደቆየ አስቀድሞ ያስረዳኝ።

ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ልማዱ ስቱዲዮ ነውና እዚያው ይሁን። ለአወያዩ ግን አንድ ልመና አለኝ። ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ግብርና፣ ስለ ውጭ ጉዳይ ከመጠየቅህ በፊት፣ ገዢውንም ተፎካካሪውንም በየተራ አቁመህ ይህን ጠይቅልኝ፦ «ባለፈው ምርጫ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጡትና መርጠናቸው ከላክናቸው ሰዎች መካከል የታሰሩት ስንት ናቸው? እናንተስ ስታሸንፉ፣ ዛሬ ጎናችሁ ተቀምጦ የሚቃወማችሁን ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደማታስሩ እዚህ፣ ካሜራው ፊት፣ ትፈርማላችሁ?» መልሳቸው ከሦስት ደቂቃ ካለፈ አቋርጣቸው።